ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል፣ ዳሌ ግን በዋዛ አይወልቅም፤ ለምን? ቆጠራውም አልገጠመልኝም

የነገዋ ነርስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የአናቶሚ ፈተና ደርሶብኛል፣ የጽሑፉም የተግባሩም። አሁን የያዝኩት የእጅና የእግር አጥንቶችን ነው፣ ከነትከሻቸውና ከነዳሌያቸው። ሁለት ነገር አልገባኝም። አንዱ ትንሽ ነው፣ ሌላው ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ትንሹ ቆጠራው ነው። 126 አጥንት ነው ተብለናል። እኔ ስደምር 131 ይመጣብኛል። ደጋግሜ ቆጠርኩት፣ ያው ነው። ከዳሌ ኢሊየም፣ ኢስኪየም፣ ፒዩቢስ ብዬ በቀኝ 3 በግራ 3 ያዝኩ፣ ከዚያ ከኋላ መሃል ላይ ያለውን ሳክረም ጨመርኩ። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

ትልቁ ደግሞ ይሄ ነው። ትከሻም ዳሌም ክብ ራስ ጎድጓዳ ውስጥ የሚገባበት መገጣጠሚያ ነው። ዓይነታቸው አንድ ከሆነ ለምንድነው ትከሻው ወለቀ ሲባል በየጊዜው የምንሰማው፣ ዳሌው ወለቀ ሲባል ግን ብርቅ የሚሆነው? "የትከሻው ጎድጓዳ ጥልቀት ስለሌለው ነው" የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ለፈተናው ይበቃ ይሆናል፣ ለእኔ ግን አልበቃኝም። ለምን ጥልቀት አጣ? ነገሩን ሸምድጄ መግባት አልፈልግም፤ የተሸመደደ ነገር ፈተናው ባለቀ ማግስት ይጠፋል። እባካችሁ የሚያውቅ ያስረዳኝ።

---

አስጠኚው፦

ሰላም እህቴ። ከቆጠራው ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል።

የአዋቂ ሰው የዳሌ አጥንት በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ ነው። በቃ 2። አንቺ የቆጠርሻቸው ሦስቱ የአንድ አጥንት ክፍሎች ናቸው፣ ልጅ እያለን ግን እውነትም ለየብቻ ነበሩ። ሦስቱ የሚገናኙት የጭን አጥንት ራስ በሚገባበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው፣ አሲታቡለም በሚባለው። እዚያ ውስጥ ሦስት ክንፍ ያለው ልም አጥንት ያያይዛቸዋል፣ እሱ በጉርምስና ጊዜ ከ14 እስከ 16 ዓመት ባለው አካባቢ ወደ አጥንት እየተለወጠ ይገጥማል። ስለዚህ የሕፃን ዳሌ ራጅ ላይ ጎድጓዳው መሃል ክፍተት ብታዪ ስብራት እንዳይመስልሽ።

ሳክረም ደግሞ የአከርካሪ ወገን ነው። 5 አከርካሪዎች ተዋህደው የሠሩት አጥንት ነው፣ የሚቆጠረውም ከራስ ቅል፣ ከአከርካሪና ከደረት አጥንቶች ጋር ከ126ቱ ውጭ ካሉት 80 አጥንቶች ውስጥ ነው። የዳሌውን ቀለበት ከኋላ የሚዘጋው እሱ ስለሆነ ብዙ ተማሪ ወደዚህኛው ይደምረዋል። ሥራውን ካየሽ አልተሳሳትሽም፣ ለቆጠራ ግን የዚያኛው ነው።

አሁን ደምሪው። ትከሻ 4 (ሁለት ክላቪክል፣ ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው ቀጭን አጥንት፤ ሁለት ስካፑላ፣ ከጀርባ በኩል ያለው ሰፊ የትከሻ አጥንት)። እጅ በየጎኑ 30፦ ሂዩመረስ (ከትከሻ እስከ ክርን ያለው) 1፣ ሬዲየስና አልና (ከክርን እስከ አንጓ ያሉት) 2፣ የእጅ አንጓ 8፣ መዳፍ 5፣ ጣቶች 14። ዳሌ 2። እግር በየጎኑ 30፦ ፊመር (የጭን አጥንት)፣ የጉልበት ሎሚ፣ ቲቢያና ፊቡላ (ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያሉት ወፍራሙና ቀጭኑ) 4፣ ከተረከዝ እስከ እግር መዳፍ ያሉት ታርሳሎች 7፣ የእግር መዳፍ 5፣ ጣቶች 14። 4 ሲደመር 60 ሲደመር 2 ሲደመር 60፣ ይኸው 126። በእጅ አንጓ 8 አጥንት አለ፣ በእግር በኩል ግን 7 ነው፤ ጎዶሎዋን የምትሞላው የጉልበት ሎሚ ናት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ እኔን ሁሌም ስለሚገርመኝ። ሁለቱን እጆች ከአንጓ ጀምሮ ወደ ታች ብቻ ብትቆጥሪ 54 ይሆናሉ። ሁለቱ እግሮች ከቁርጭምጭሚት በታች 52። ድምሩ 106። ከጠቅላላው 206 አጥንት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እጅና እግራችን ጫፍ ላይ ነው ያለው ማለት ነው። የጥናት ጊዜሽንም በዚያው ልክ ብትመድቢ አትጎጂም።

ትልቁን ጥያቄ በየቀኑ ትከሻ ለሚነካ ሰው እተወዋለሁ፣ እዚህ ቤት ፊዚዮቴራፒስት አለን።

---

ፊዚዮ፦

መጣሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ "ጥልቀት የለውም" ብለሽ አለማቆምሽ ደግሞ ደስ ብሎኛል።

ጥያቄውን ትንሽ ገልበጥ እናድርገው። ትከሻ ለምን ይወልቃል ከማለትሽ በፊት፣ እጅ ከቀረው ሰውነት ጋር በምን ተያያዘ ብለሽ ጠይቂ። አሁኑኑ ጣትሽን ከጉሮሮሽ ስር፣ ከደረት አጥንት ጫፍ ላይ ካለችው ስርጉድ አድርጊ። ወደ ጎን ትንሽ ፈቀቅ ስትይ ጎላ ያለ የአጥንት ራስ ታገኛለሽ። ክላቪክል እዚያ ጋ ይጀምራል። ጣትሽን ሳታነሺ እስከ ትከሻሽ ጫፍ ተከተይው፣ መጀመሪያ ወደ ፊት ይቆለመማል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። አሁን እጅሽን ከፍና ዝቅ አድርጊ፣ የአጥንቱ ራስ ከጣትሽ ስር ሲንቀሳቀስ ይሰማሻል። መላው እጅ ከደረትና ከአከርካሪ ጋር አጥንት ለአጥንት የሚገናኘው እዚያች ጣትሽን ባሳረፍሽባት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሌላ የለም።

ስካፑላውስ? ትልቁና ሰፊው እሱ ነው፣ ግን ከጎን አጥንቶች ጋር የሚያጋጥመው ነገር የለም። ከ2ኛው እስከ 7ኛው የጎን አጥንት ባለው ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፣ የሚይዘው ጡንቻ ነው፣ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ወደ ላይ ወደ ታች ወደ ጎን ይጎትቱታል፣ እሱም በደረት ግድግዳው ላይ ይንሸራተታል። እጅሽን ከጎንሽ አንስተሽ ጆሮሽ ጋ ስታደርሺ 180 ዲግሪ ገደማ ተጉዟል። ከዚያ ውስጥ 120 የሚሆነው ከትከሻው መገጣጠሚያ ራሱ ይመጣል፣ 60 የሚሆነው ግን ስካፑላው ስለዞረ ነው። ይህን ለማየት ሰው ከጀርባው ቆመሽ የስካፑላውን የታችኛውን ጫፍ በአውራ ጣትሽ ያዥና እጁን ቀስ ብሎ እንዲያነሳ ንገሪው። ጫፉ ወደ ብብት አቅጣጫ ሲሄድ ታዪዋለሽ። ይህን አንዴ በእጅሽ ከነካሽው አትረሺውም።

አሁን ወደ ጎድጓዳው። የስካፑላው ጎድጓዳ (ግሌኖይድ) ትንሽና ዝርግ ነው፣ የሂዩመረስ ራስ ደግሞ ትልቅ ነው። በማንኛውም ሰዓት ጎድጓዳውን የሚነካው የራሱ ክፍል ከሲሶ አይበልጥም። ጥልቅ ቢሆን ኖሮ ጠርዙ የሂዩመረስን አንገት እየመታ እንቅስቃሴውን ገና መንገድ ላይ ባስቆመው ነበር። ያኔ እጅሽ ከኋላ ጀርባሽን አይነካም፣ ከላይ ራስሽን አያበጥርም ነበር። ስለዚህ አጥንቱ የተወውን ሥራ ሌላ ነገር ይሸከመዋል። በጠርዙ ዙሪያ ላብረም የሚባል ቀለበት አለ፣ ጎድጓዳውን ትንሽ ያጠልቀዋል። ከዚያ አራት ጡንቻዎች አሉ፣ ሱፕራስፓይናተስ፣ ኢንፍራስፓይናተስ፣ ቴረስ ማይነርና ሰብስካፑላሪስ፤ እነዚህ ከላይ፣ ከኋላና ከፊት ከበው ራሱን ወደ ጎድጓዳው ይጫኑታል። ልብ በይ፣ ከታች ማንም የለም። እጅ ወደ ጎን ተነስቶ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ እያለ ኃይል ከመጣበት ራሱ በዚያ ደካማ በኩል አምልጦ ወደ ፊት ይወጣል። አብዛኛው የትከሻ ውልቃት የፊት ውልቃት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዳሌ ላይ ሥራው ሌላ ነው። እዚያ ዋናው ነገር ክብደት ነው። ከወገብ በላይ ያለው ክብደት በአከርካሪ ይወርዳል፣ ሳክረም ይቀበለዋል፣ ሳክረም በቀኝና በግራ ለዳሌ አጥንቶች ያስረክባል፣ እነሱም በአሲታቡለም በኩል ለፊመር ያስተላልፋሉ። ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ከፊት ይያያዛሉ፣ ከኋላ ሳክረም ይዘጋቸዋል፣ የተዘጋ ቀለበት ይሆናሉ። ከዚያ ጎድጓዳው የፊመርን ራስ ከግማሽ በላይ ይውጠዋል። በላዩ ላይ ከፊት በኩል ኢሊዮፌሞራል የሚባለው ጅማት አለ፣ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት አጥንት ከአጥንት የሚያያይዙ ጅማቶች ሁሉ ጠንካራው ነው ይባላል። ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ ይወጠራል፣ ስለዚህ ጡንቻሽ ብዙ ሳይለፋ ትቆሚያለሽ።

እንስሳትን ብታዪ ነገሩ የበለጠ ይገለጥልሻል። ፈረስና ውሻ የረባ ክላቪክል የላቸውም። የፊት እግራቸው ክብደት ይሸከማል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወራወራል፣ ወደ ጎን ተዘርግቶ ዕቃ አይዝም። እኛ ጋ ክላቪክል ትከሻውን ከደረት ገፍቶ ወደ ውጭ ስለሚያቆየው ነው እጅ ነፃ ሆኖ የሚወዛወዘው። ዋጋው ደግሞ አለ። ሰው በትከሻው ሲወድቅ ኃይሉ በሙሉ በዚያች ቀጭን አጥንት ያልፋል፣ ብዙ ጊዜም የምትሰበረው ሁለቱ ቁልምምቶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ውጭ። ከተሰበረች በኋላ የውጭው ቁራጭ በእጁ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፣ የውስጠኛው በአንገት ጡንቻ ወደ ላይ ይሳባል። የተሰበረበት ሰው በሌላኛው እጁ ክንዱን ደግፎ የሚመጣው ለምን እንደሆነ አሁን ገባሽ አይደል?

---

ራጅ ክፍል፦

ፊዚዮ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ላጥብቅ። "ዳሌ አይወልቅም" ተብሎ ተይዞ እንዳይወጣ። ይወልቃል፣ ግን ከባድ ኃይል ይፈልጋል። የተለመደው መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው፤ መኪናው ሲጋጭ ጉልበቱ ከፊት ለፊቱ ካለው ዳሽቦርድ ጋር ይላተማል፣ ጭኑ ታጥፎ ስለነበር የፊመር ራስ ወደ ኋላ ይገፋል። ትከሻ በብዛት ወደ ፊት፣ ዳሌ በብዛት ወደ ኋላ። ይህን በደንብ ያዢ፣ መጠየቁ አይቀርም።

ነርስ ለምትሆኚው ደግሞ ከፈተናውም በላይ የሚጠቅምሽ እግሩ የሚታይበት ሁኔታ ነው። ወደ ኋላ የወለቀ ዳሌ እግሩን ያሳጥረዋል፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ወደ ሌላኛው ጭን ይጠጋል። በዕድሜ የገፉ ሰው ቤት ውስጥ ተንሸራትተው ወድቀው ሲመጡ ግን በአብዛኛው የምናየው የፊመር አንገት ስብራት ነው። እሱም እግር ያሳጥራል፣ እግሩ ግን ወደ ውጭ ይዞራል፣ የእግር ጣቶቹ ወደ ጎን ይመለከታሉ። ራጅ ሳይነሳ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመሽ መጠርጠር ትችያለሽ።

ሁለቱም የሚያስፈሩት በደም ሥር ምክንያት ነው። ለፊመር ራስ ደም የሚያደርሱት ዋናዎቹ ሥሮች በአንገቱ ላይ ተለጥፈው ወደ ላይ የሚወጡ ናቸው። አንገቱ ሲሰበር ወይም ራሱ ሲወልቅ ሊቆረጡ ወይም ሊታነቁ ይችላሉ፣ ያኔ የፊመሩ ራስ ደም አጥቶ ይሞታል። የወለቀ ዳሌ በሰዓታት ውስጥ መመለስ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው እንጂ ለሕመሙ ብቻ አይደለም።

ተመሳሳይ ነገር በእጅ አንጓ ላይም አለ። ስካፎይድ የምትባለዋ ትንሽ አጥንት ደም የሚገባት በብዛት ከጣቶች በኩል ካለው ጫፏ ተነስቶ ወደ ክንድ በኩል ነው። ሰው እጁን ዘርግቶ መዳፉ ላይ ሲወድቅ መሃሏ ላይ ትሰበርና ወደ ክንድ የቀረበው ግማሽ ደም ሊያጣ ይችላል። ከዚያም የከፋው የመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይ መቻሏ ነው። አውራ ጣትሽን ወደ ላይ ስትወጥሪ ከስሩ በሁለት ጅማቶች መሃል ስርጉድ ትወጣለች አይደል? ወድቆ የመጣ ሰው እዚያ ላይ ሲነካ ካመመው፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እንደተሰበረ ተቆጥሮ አውራ ጣቱ ጭምር እንዳይንቀሳቀስ ይታሰራል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ራጁ ይደገማል። "ራጁ ምንም የለውም ተብያለሁ" ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ሳይ ከልቤ እጨነቃለሁ።

---

ቅልጥም፦

ቆጠራው ላይ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ፊቡላን ለምን እንደምናጠና አልገባኝም። ክብደት የሚሸከመው ቲቢያ ነው፣ ፊቡላ ጉልበት ውስጥ እንኳ አይገባም። ሐኪሞች ከሱ ቆርጠው ሌላ ቦታ ለጎደለ አጥንት መሙያ ያደርጉታል ሲባል ሰምቻለሁ። ሰው ያለሱ ከተራመደ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

---

ራጅ ክፍል፦

የሰማኸው እውነት ነው፣ ግን የሚቆረጠው መሃሉ ነው። የታችኛውን ጫፍ አይነኩትም። ቁርጭምጭሚትህን በውጭ በኩል ንካው፣ ያ ጉልህ ጉብታ የፊቡላ ጫፍ ነው። በውስጥ በኩል ያለው ጉብታ የቲቢያ ነው። ሁለቱ ታለስ የሚባለውን አጥንት ከግራና ከቀኝ ጨብጠው ይይዙታል። የውጭው ትንሽ ከተፈናቀለ ታለስ ቦታውን ይስታል፣ እግሩም ሲረገጥ ይላወሳል። የላይኛው ጫፉም ዝም ብሎ አይደለም የሚታየው፤ ከሱ ስር የእግር መዳፍን ወደ ላይ የሚያነሳው ነርቭ ይዞራል፣ ጀሶ እዚያ ላይ አጥብቆ ከተጫነ ሰውየው እግሩን ማንሳት ያቅተዋል። ጀሶ የታሰረለት ሰው "አውራ ጣትህን ወደ ላይ አንሳ" የሚባለው ለዚህም ነው።

---

የነገዋ ነርስ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እንዲህ ተብሎ ተነግሮኝ አያውቅም። ክላቪክሉን በጣቴ ተከትዬ እህቴን ሁሉ አስነካኋት። ሁለቱም ዓይነታቸው አንድ ሆኖ አንዱ ለመዞር፣ አንዱ ለመሸከም መሠራቱ ገብቶኛል።

አሁን የቀረኝ የተግባሩ ፈተና ነው። አጥንት ይሰጡንና ስሙን ብቻ ሳይሆን የቀኝ ነው የግራ የሚለውን ይጠይቁናል። እኔ እዚያ ላይ ነው የምደናገረው። ክላቪክልና ፊመር በተለይ። የአንጓዎቹን 8 አጥንቶችስ በምን ዘዴ ልያዝ?

---

አስጠኚው፦

አንድ ልማድ ያዢ። ቀኝ ወይም ግራ ብለሽ ከመመለስሽ በፊት ሦስት ነገር ፈልጊ፦ የቱ ነው ላይ፣ የቱ ነው ፊት፣ የቱ ነው ወደ መሃል የሚያየው። ሦስቱን ካገኘሽ አጥንቱን በራስሽ ሰውነት ላይ በቦታው አስጠጊው፣ ቀኝና ግራው ራሱ ይናገራል። ሲቸኩሉ ሁለቱን ብቻ አይተው የሚመልሱ ናቸው የሚስቱት።

ፊመር፦ ክቡ ራስ ላይ ነው፣ ወደ ዳሌው ወደ መሃል ያያል። ከኋላ በኩል በዘንጉ ላይ የሚወርድ ሻካራ መስመር አለ፣ እሱን ወደ ኋላ አድርጊው። አለቀ።

ክላቪክል፦ ወፍራሙና ክብ የሆነው ጫፍ ወደ ደረት፣ ጠፍጣፋው ወደ ትከሻ። በደረት በኩል ያለው ሁለት ሦስተኛው ወደ ፊት ያበጠ ነው። ከላይ ለስላሳ፣ ከታች ሻካራና ቦይ ያለው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ላይና ታቹን ሳያጣራ ነው፣ ገልብጠሽ ከያዝሽው ቀኙ ግራ ይሆናል።

ስካፑላ፦ ጎድጓዳው ወደ ውጭ፣ ጎላ ያለው አግዳሚ ዘንግ ወደ ኋላ፣ ሹሉ ማዕዘን ወደ ታች። ዳሌ፦ አሲታቡለም ወደ ውጭ፣ ፒዩቢስ ወደ ፊት፣ ስንቀመጥ የምንደገፍበት የኢስኪየም ወፍራም ጉብታ ወደ ታች። ቲቢያ፦ ስለታሙ ጠርዝ ወደ ፊት፣ የታችኛው ጉብታ ወደ ውስጥ፤ የራስሽን ቅልጥም እያሻሸሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ፊቡላ ከባድ ነው፣ መጨረሻ ላይ አጥኚው።

ሬዲየስና አልና ካምታቱሽ ደግሞ ክርንሽን ጠረጴዛ ላይ አሳርፊ። ጠረጴዛውን የሚነካው የአልና ጫፍ ነው። አሁን መዳፍሽን ወደ ላይ ወደ ታች ገልብጪ፤ አልና ብዙም አይንቀሳቀስም፣ በላዩ ላይ የሚሻገረው ሬዲየስ ነው። ሬዲየስ ሁሌም ከአውራ ጣት ጋር ይሄዳል። ሁለቱን አጥንት ጎን ለጎን ካስቀመጡልሽ አልና ክርን ጋ ይወፍራል፣ ሬዲየስ አንጓው ጋ ይወፍራል።

የአንጓዎቹን 8 በአንድ ረድፍ አትያዥያቸው። አራት አራት ናቸው፣ ሁሌም ከአውራ ጣት በኩል ጀምሪ። ወደ ክንድ የቀረበው ረድፍ፦ ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይኩትረም፣ ፒሲፎርም። ወደ ጣቶች የቀረበው፦ ትራፒዚየም፣ ትራፒዞይድ፣ ካፒቴት፣ ሃሜት። ትራፒዚየምና ትራፒዞይድ ከተምታቱብሽ አውራ ጣት የተቀመጠው ትራፒዚየም ላይ ነው። ካፒቴት ከሁሉም ትልቁ ነው፣ መሃል ላይ ስላለ መጀመሪያ እሱን ፈልጊና ሌሎቹን ከሱ ተነስተሽ ቁጠሪ። ፒሲፎርምን ደግሞ በራስሽ እጅ አግኚው፣ በትንሿ ጣት በኩል መዳፍሽ ከአንጓው ጋር የሚገናኝበት ላይ ጠጠር የምታህል አጥንት አለች። እጅሽን ዘና አድርገሽ ከያዝሻት ወዲያና ወዲህ ትላለች።